አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፦ የሯጮች የጉልበት ጎን ሕመም በፎም ሮለር ለምን አይድንም?

ሕመሙ ሰዓት አክባሪ ነው። እኔ ላይ የጀመረው አምስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነበር። እስከዚያ ድረስ ምንም የለም፤ እግሬ ቀላል፣ ትንፋሼም ደህና። አምስትን አለፍ ስል ግን የቀኝ ጉልበቴን ውጪያዊ ጎን አንድ ነገር ወጋኝ። ቆምኩ። ትንሽ በእርምጃ ስሄድ ጠፋ። "በቃ አለፈ" ብዬ ሩጫዬን ስቀጥል መቶ ሜትር እንኳ ሳልሄድ ተመለሰ። በሚቀጥለው ሳምንት አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ መጣ። ከዚያ ሦስተኛው ላይ። መጨረሻ ላይ ደረጃ ስወርድ የጎኑን ብረት መያዝ ጀመርኩ።

ሶምሶማ የሚሮጥ ሰው ይህን ሲያነብ ወይ ራሱን ያያል፣ ወይ አብሮት የሚሮጠውን ጓደኛውን ያስታውሳል። ሯጮችን ከጉልበት ውጪያዊ ጎን ከሚያሟቸው ነገሮች ሁሉ በብዛት የሚታየው ይሄ ነው። ኢሊዮቲቢያል ባንድ ሲንድረም ይባላል። ስሙ ለምላስ ስለሚከብድ ሯጮች "አይቲ ባንድ" ይሉታል። እኔ ደግሞ ከዚህ በኋላ "ባንዱ" እያልኩ እቀጥላለሁ።

ኢንተርኔት ላይ ስለዚህ ሕመም ከፈለጋችሁ የሚመጣላችሁ ምክር አንድ ዓይነት ነው። ባንዱ ተኮማትሯል፤ ስለዚህ ሳቡት፤ ካልሆነም ፎም ሮለር ላይ ተኝታችሁ ዳምጡት። ፎም ሮለር ማለት የእግር ዳምጠው ማለት ነው፤ መሬት ላይ አስቀምጠው እግርን የሚያንከባልሉበት ጠንካራ የስፖንጅ ጥቅል። እኔም እንደ መንገድ ሠራተኛ ማታ ማታ ጭኔን እየዳመጥኩ ጥርሴን ነክሼ ስድስት ሳምንት አሳለፍኩ። ሕመሙ ግን ከአምስተኛው ኪሎ ሜትር ወደ ሦስተኛው የወረደው በእነዚያው ሳምንታት ነው።

ለምን እንዳልሠራ ለመረዳት ባንዱ ራሱ ምን እንደሆነ ማወቅ ይጠይቃል።

ማሰሪያ እንጂ ጡንቻ አይደለም

ባንዱ ከዳሌ አጥንት ጠርዝ ይነሣል። በጭን ውጪያዊ ጎን ቁልቁል ወርዶ፣ ጉልበትን አልፎ፣ የቅልጥም አጥንት ላይ ጉብ ባለች ቦታ ይታሰራል። ሙሉ ጭናችንን እንደ ጠባብ ካልሲ የሚጠቀልል ልባስ አለ። ይህ ልባስ በጎን በኩል ሲወፍርና ሲጠነክር ነው ባንድ የሚባለው። ብቻውን ተንጠልጥሎ ያለ ገመድ አይደለም ማለት ነው።

ጡንቻም አይደለም። በራሱ አይኮማተርም፣ በራሱም አይፈታም። ወጥረው የሚይዙት ከላይ ያሉት ሁለት ጡንቻዎች ናቸው። አንዷ ከዳሌ ፊት በጎን በኩል ያለች አነስተኛ ጡንቻ ናት። ሌላው ትልቁ የመቀመጫ ጡንቻ ነው፤ አብዛኛው ክሩ የሚገባው ባንዱ ውስጥ ነው። በአንድ እግራችን ስንቆም ዳሌያችን ወደ ጎን እንዳይወድቅ እነዚህ ጡንቻዎችና ባንዱ አብረው ይሠራሉ። ሩጫ ደግሞ ሌላ ምንም አይደለም፤ በአንድ እግር መቆምን እየቀያየሩ መድገም ነው።

እዚህ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር ልጨምር። ቺምፓንዚዎች እንዲህ የዳበረ ባንድ የላቸውም። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ሥራ የሰውን ባንድ ቺምፓንዚዎች በዚያው ቦታ ካላቸው ልባስ ጋር አነጻጽረው ነበር። ከሰውነት ክብደት አንጻር ሲሰላ የሰው ባንድ ከ15 እስከ 20 እጥፍ የሚበልጥ ኃይል እንደ ላስቲክ ማጠራቀም ይችላል። ስንሮጥ ይወጠራል፣ ኃይል ይይዛል፣ መልሶ ይሰጠናል። መወጠር የባንዱ ሥራ ነው። "ባንድህ ጠንክሯል" ሲሉኝ አሁን አሁን "እና ሊላላ ነበር እንዴ?" ማለት ያምረኛል።

ፍትጊያ ነው የተባለው ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1975 ጄምስ ሬኔ የተባለ ሐኪም በአሜሪካ ማሪን ምልምሎች ላይ ያየውን የጉልበት ጎን ሕመም በጽሑፍ አወጣ። የሰጠው ማብራሪያ ለመረዳት ቀላል ነበር። ጉልበት ሲታጠፍና ሲዘረጋ ባንዱ ወደፊትና ወደኋላ ይንሸራተታል፤ በጭን አጥንት ታችኛ ጫፍ ያለው ጉብታ ላይ ይፈተጋል፤ ይቆጣል። ገመድ ድንጋይ ላይ ሲመላለስ እንደሚበላ ማለት ነው። ለዓመታትም የሕመሙ ስም ላይ "ፍትጊያ" የሚል ቃል ተለጥፎ ኖረ።

ታሪኩ ካመናችሁት መፍትሔው ራሱ ይመጣል። የሚፈተገው ስለጠበቀ ነው። ስለዚህ አላሉት፣ ሳቡት፣ ዳምጡት።

ችግሩ እ.ኤ.አ. በ2006 መጣ። ጆን ፌርክሎና ባልደረቦቹ አስከሬን መርምረውና ጤነኛ ሰዎችን በኤምአርአይ አይተው ጆርናል ኦቭ አናቶሚ ላይ ያወጡት ሥራ ሌላ ሥዕል አሳየ። ባንዱ ከጉልበት ከፍ ብሎ ከጭን አጥንት ጋር በጠንካራ ክሮች የታሰረ ነው። እንደተባለው ወዲያና ወዲህ መንሸራተት አይችልም። በዓይን መንሸራተት የሚመስለው ውጥረቱ ከፊተኞቹ ክሮች ወደ ኋለኞቹ ሲዛወር ነው። ከባንዱ ሥር ደግሞ ስብ አለ። ይህ ስብ ደምና ነርቭ የበዛበት ነው፤ ማለትም ማመም የሚችል ነገር ነው። ጉልበት ወደ 30 ዲግሪ ገደማ ሲታጠፍ ባንዱ ይህን ስብ ከአጥንቱ ጋር ይጫነዋል።

ክርክሩ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ሚዛኑ ግን ከፍትጊያ ወደ መጨፍለቅ አዘንብሏል። ይህ ደግሞ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ለሯጩ ብዙ ነገር ይለውጣል።

30 ዲግሪ ማለት ስንሮጥ እግራችን መሬት ሲነካ ጉልበታችን የሚያልፍበት ማዕዘን ነው። በደቂቃ 160 እርምጃ የሚሮጥ ሰው እያንዳንዱን እግሩን 80 ጊዜ ያሳርፋል። ግማሽ ሰዓት ቢሮጥ 2400 ጊዜ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሺህ ምንም አይሉም። ከዚያ በኋላ የተቀመጠው ልክ ያልፍና ይጀምራል። ሕመሙ ሰዓት አክባሪ የሆነው ለዚህ ነው።

ሌሎቹም እንቆቅልሾች በዚህ ይፈታሉ። በሜዳ ላይ በእርምጃ መሄድ የማያመው ጉልበት ከባድ ሸክም ይዞ ብዙም ስለማይታጠፍ ነው። ቁልቁለት የሚያባብሰው በዚያ ማዕዘን ዙሪያ የሚያርፈውን ጫና ስለሚጨምር ነው። የሚገርመው ደግሞ ዘገም ያለ ሩጫ ከፈጣኑ የበለጠ ሊያም መቻሉ ነው። ፈጠን ሲሉ እግር ሲያርፍ ጉልበት ከ30 ዲግሪ በላይ ይታጠፋል። "እያመመኝ ስለሆነ ቀስ ብዬ ልሩጥ" ያለ ሰው ሕመሙ ያለበትን በር ራሱ ያንኳኳል። እኔ ያደረግሁት በትክክል ይሄንን ነው።

ስለ ዳምጠው

አሁን ወደ ፎም ሮለር። እ.ኤ.አ. በ2008 በእጅ የሚሰጥ ሕክምና እንዲህ ያለውን ልባስ ምን ያህል ሊለውጥ እንደሚችል በሒሳብ ያሰሉ ሰዎች ነበሩ። የጭኑን ልባስ አንድ በመቶ ብቻ ለመጭመቅ እንኳ የሰው አቅም የማይችለው ኃይል ያስፈልጋል ነው ያሉት። አንድ በመቶ! ስለዚህ ሮለር ላይ ተኝታችሁ ባንዱን አታስረዝሙትም። የመኪና ጎማ በአውራ ጣት እንደማላላት ነው።

"ግን ሲጨርሱ ቀለል ይላል" ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ይላል። ግፊቱ ነርቮችን ለጊዜው ያረጋጋል፤ በባንዱ ዙሪያ ያሉት ጡንቻዎችም ይፈታሉ። መቀመጫን፣ የፊት ጭንን፣ የዳሌን ጎን ብታሹ ክፉ አይደለም። ጉልበት አካባቢ ያመማችሁን ቦታ ግን አትጫኑት። ቅድም እንዳልነው እዚያ ያለው የተቆጣ ስብ ነው። ተጨፍልቆ የታመመን ነገር መልሶ መጨፍለቅ ምን ይባላል? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው።

መሳሳቡም እንዲሁ። እግርን ከኋላ አጠላልፎ ወደ ጎን መታጠፍ ለዳሌ ጡንቻዎች ጥሩ ስሜት ይሰጥ ይሆናል። ስታደርጉት ጉልበታችሁን ካላመማችሁ ቀጥሉ። ፈውስ ግን አትጠብቁበት።

ታዲያ ከየት መጣ?

ብዙ ጊዜ መልሱ ያለው የሩጫ መዝገባችሁ ላይ ነው። ከሕመሙ በፊት የነበሩትን ሦስትና አራት ሳምንታት ተመልከቱ። ለውድድር ተመዝግባችሁ ርቀት ጨምራችኋል? ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ተቀምጣችሁ እሑድን በረጅም ሩጫ ለማካካስ ሞክራችኋል? ቁልቁለት የበዛበት አዲስ መንገድ ጀምራችኋል? ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ የአስፋልት ጠርዝ ላይ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ትሮጣላችሁ? እኔ ከአራቱ ሦስቱን አድርጌ ነበር።

"በሳምንት ከአሥር በመቶ በላይ አትጨምር" የሚለውን ሕግ ሁሉም ሰምቶታል። እ.ኤ.አ. በ2008 ኔዘርላንድስ ውስጥ ጀማሪ ሯጮችን ለሁለት ከፍለው ሞክረውት ነበር። በአሥር በመቶ እያሳደጉ የሮጡትም ሆኑ በተለመደው ፕሮግራም የሮጡት በእኩል ደረጃ ተጎዱ፤ ከየቡድኑ ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ። ቁጥሩ ምትሐት የለውም። ይህ ማለት ግን ከአሥር ወደ ሃያ ኪሎ ሜትር መዝለል ይቻላል ማለት አይደለም። ሰውነታችሁ የሚያውቀውን ሥራና ያልለመደውን ይለያል፤ በመቶኛ ግን አይቆጥርም።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ አሯሯጥ ነው። አንዳንድ ሰው ሲሮጥ ሁለቱን እግሮቹን አንድ ቀጭን መስመር ላይ ያሳርፋል፤ እንዲያውም እግሩ መሐሉን ተሻግሮ ያርፋል። ያኔ ጭኑ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ ባንዱም ይበልጥ ይወጠራል። ዳሌው በአንድ ጎን ሲወድቅም ያው ነው። ጓደኛችሁ ከኋላ ሆኖ በስልክ ቪዲዮ ቢያነሣችሁ በአንድ ደቂቃ ታዩታላችሁ። ራሴን ሳይ አፍሬያለሁ፤ እንደ ፋሽን ሞዴል ነበር የምራመደው።

ሦስተኛው የዳሌ ጎን ጡንቻዎች ድክመት ነው። ይህ ሐሳብ ዝነኛ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2000 ከስታንፎርድ በወጣ ጥናት ነው። 24 የታመሙ የረጅም ርቀት ሯጮች ለስድስት ሳምንት ዳሌያቸውን እንዲያጠነክሩ ተደረገ። 22ቱ ያለ ሕመም ወደ ሩጫ ተመለሱ። ደስ ይላል። ግን ዳሌያቸውን ሳያጠነክሩ የሚነጻጸሩ ሌሎች ታማሚዎች አልነበሩትም፤ ሯጮቹም በዚያው ጊዜ ሩጫ አቁመው ነበር። የዳኑት በመጠንከራቸው ነው ወይስ በማረፋቸው? ድክመቱስ ሕመሙን አመጣው ወይስ ሕመሙ እግሩን አደከመው? ከዚያ በኋላ የመጡት ጥናቶችም አንድ መልስ አይሰጡም።

እኔ በበኩሌ ክርክሩ ቢቀጥልም ዳሌዬን ማጠንከሬን አልተውኩም። ምክንያቴ ቀላል ነው። ጥንካሬ ሲጨምር የምንችለው ሸክም ይጨምራል። ማን ማንን አመጣ የሚለው ሳይታወቅም ይሠራል።

ምን ይደረግ

መጀመሪያ እያመመ መሮጥ ይቁም። ጥርስ መንከስ እዚህ ጋ ጀግንነት አይደለም፤ ሕመሙ ከኪሎ ሜትር ወደ ኪሎ ሜትር እየቀደመ የሚመጣው በዚህ ነው። ማቆም ማለት ግን አልጋ ላይ መዋል አይደለም። ሜዳ ላይ መራመድ፣ መዋኘት፣ የማያማችሁን ማንኛውንም እንቅስቃሴ መሥራት ይቻላል። ብስክሌት ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መቀመጫው ከፍ ብሎ ከሆነ ጉልበት በየዙሩ ያችኑ 30 ዲግሪ ያልፋል፤ ብስክሌተኞችንም ይሄው ሕመም ያጠቃቸዋል።

የሕመም ማስታገሻ ወስዶ መሮጥ ደግሞ የእሳት አደጋ ደወል ነቅሎ መተኛት ነው። በረዶ ለጥቂት ቀናት ቢያስታግስ አይከፋም። ኮርቲዞን የተባለውን ቁጣ የሚያበርድ መርፌ በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ሙከራ ሕመሙ ገና በጀመረ ሰሞን ሲሰጥ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሩጫ ወቅት ያለውን ሕመም እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሁለት ሳምንት ነው። ለውድድር ዘመናቸው ለሚጨነቁ ሰዎች ትርጉም ይኖረው ይሆናል፤ ለእኔ ቢጤው ግን አይመስለኝም። ቀዶ ጥገና ወራት ሙሉ ሌላው ሁሉ ተሞክሮ እምቢ ላለ ጥቂት ሰው ነው። ጫማ? ካለቀ ቀይሩ። ጫማ በመቀየር ዳንኩ የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ብዙዎቹ ግን ጫማው እስኪገዛ ድረስ ያረፉ ናቸው።

ማጠንከሪያዎቹ ውስብስብ አይደሉም። በጎን ተኝቶ የላይኛውን እግር ሳያጥፉ ማንሣት አንዱ ነው። እግሩ ወደ ፊት እንዳይመጣ፣ ተረከዙ ትንሽ ወደ ኋላ እንዲሆን አድርጉ፤ አለበለዚያ ሥራውን ያቺ የፊተኛዋ አነስተኛ ጡንቻ ትነጥቃለች። ቀጥሎ የጎን ፕላንክ፤ በጎን ሆኖ በክርንና በእግር ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መያዝ። ከዚያ ደረጃ ላይ በአንድ እግር ቆሞ ሌላውን ዳሌ ቀስ ብሎ ማውረድና ማንሣት፤ ጉልበት ሳይታጠፍ። እነዚህ ሲቀሉ በአንድ እግር ወንበር ላይ ቁጭ ብድግ ማለት። ጉልበታችሁ ወደ ውስጥ እንዳይገባ መስታወት ፊት ሥሩት። በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል፤ ግን የመጨረሻዎቹ ድግግሞሾች የእውነት ሊከብዱ ይገባል። ሠላሳ ጊዜ እያወሩ የሚሠራ እንቅስቃሴ ማጠንከሪያ አይደለም። ለውጥ ለማየት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ስጡት።

ወደ ሩጫ የምትመለሱት ደረጃ መውረድ ሳያማችሁ ሲቀር ነው። በአጭሩ ጀምሩ፤ ሁለት ደቂቃ ሩጫ፣ አንድ ደቂቃ እርምጃ፣ ለሩብ ሰዓት ያህል፣ በማግስቱ ደግሞ ዕረፍት። መንገዱ ሜዳ ይሁን። ፍጥነቱ ከተንቀራፈፈ ሶምሶማ ትንሽ ነቃ ያለ ይሁን። ሕመሙ ሲጀምር ሳይሆን ሳይጀምር አቁሙ። አራተኛው ኪሎ ሜትር ላይ የሚመጣ ከሆነ ሁለት ተኩል ላይ ቤት ግቡ። ይሄ ከሁሉም የከበደኝ ነገር ነው፤ ደህና ሆኖ የሚሮጥን እግር ማቆም እንደ ስድብ ይቆጠራል።

አሯሯጥ ላይ ሁለት ነገር ሞክሩ። አንደኛ፣ የእርምጃ ብዛታችሁን በደቂቃ ከአምስት እስከ አሥር በመቶ ጨምሩ፤ ፍጥነት ሳትጨምሩ እርምጃችሁን አሳጥሩ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ ጥናት ይህ ጉልበትና ዳሌ ላይ የሚያርፈውን ጫና እንደሚቀንስ አሳይቷል። 160 የነበረ 170 ይሞክር። ሁለተኛ፣ መሬት ላይ መስመር እንዳለ አስቡና ግራ እግራችሁ በግራው፣ ቀኙ በቀኙ ይረፍ፤ መስመሩን አትርገጡት። መጀመሪያ ላይ እንደ ዳክዬ የምትሮጡ ይመስላችኋል። ቪዲዮው ላይ ግን ልዩነቱ ብዙም አይታይም።

ከዚያ ርቀት ይቅደም፣ ፍጥነት ይከተል፣ ቁልቁለት መጨረሻ ይምጣ።

የባንዱ ጉዳይ ካልሆነስ?

ሁሉም የጉልበት ጎን ሕመም ይሄ አይደለም። የባንዱ ሕመም ጉልበቱን ጎላ አድርጎ አያሳብጥም። አያስቆልፍም። አያስከዳም። ጉልበታችሁ ካበጠ፣ ታጥፎ አልዘረጋ ካለ፣ ስትቆሙ ከከዳችሁ፣ ሕመሙ ከወደቃችሁ ወይም ከተጠመዘዛችሁ በኋላ የመጣ ከሆነ የሜኒስከስ (በጉልበት አጥንቶች መሐል ያለው ልስልስ ትራስ) ወይም የጅማት ጉዳት ሊሆን ስለሚችል ወደ ሐኪም ሂዱ። ተኝታችሁ ሌሊት የሚቀሰቅሳችሁ ሕመምም እንዲሁ። ከወገብ ተነሥቶ የሚወርድ ወይም እግርን የሚያደነዝዝ ከሆነ ምንጩ ሌላ ቦታ ነው።

ፊዚዮቴራፒስቶች ቀላል መፈተሻ አላቸው። ጉልበታችሁን አጥፋችሁ ትተኛላችሁ፤ በአውራ ጣታቸው ውጪያዊውን ጉብታ ይጫኑታል፤ ከዚያ እግራችሁን ቀስ ብለው ይዘረጉታል። 30 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ "ኦው!" ካላችሁ ነገሩ ግልጽ ነው። እኔ "ኦው" ብቻ አይደለም ያልኩት።

ከዚያ በኋላ አራት ወር ፈጀብኝ። ሮለሩ አልጋ ሥር ገባ። የመጀመሪያዋ ሩጫዬ ሩብ ሰዓት ነበረች፤ ያውም ሩቡ እርምጃ። አምስተኛውን ኪሎ ሜትር ያለፍኩበትን ቀን ግን አላስታውሰውም። ሰዓቴን ያየሁት ስድስተኛው ላይ ነው። ቁልቁለት ላይ እስካሁን ፈራ ተባ እላለሁ።